የሆድን ጥሪ አናሳድር፦ ስለ ሆድ ድርቀት በዕድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ባለፈው ወር ሊቀመንበራችን «በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ጤና ጥቂት ንገሪን» ሲሉኝ፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር በሽታ የምናገር መስሏቸው እንደነበር አውቃለሁ። እኔ የመረጥሁት ግን ሆድ ድርቀትን ነው። በጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው 22 ዓመታት ስለ ደም ግፊቱ ተጠይቆ ያፈረ ሰው አላጋጠመኝም። «ውጭ ትወጫለሽ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ዓይኗን መሬት ላይ የማትተክል እናት ጥቂት ናት። ራሴን ያመኛል ብላ ትመጣለች፤ ወገቤን ትላለች፤ ምግብ አስጠላኝ ትላለች። ተመርምራ ምንም ሲታጣ፣ ካርዷን ይዛ ልትወጣ በሩ ላይ ቆም ትልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ሆዴም ደርቆብኛል፤ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው» ትለኛለች። የመጣችበት ጉዳይ እርሱ ነበር። በር ላይ በሹክሹክታ የሚነገረውን ነገር ዛሬ በመካከላችን ቁጭ ብለን እንድንነጋገርበት ብዬ ነው።

መጀመሪያ ድርቀት የቱ እንደሆነ እንለይ። በየቀኑ ካልወጣሁ ታምሜአለሁ የሚል ብዙ ሰው አለ። እንደዚያ አይደለም። አንዱ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሌላው በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢወጣ፣ ሳይቸገር እስከወጣ ድረስ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ድርቀት የምንለው በሳምንት ከሦስት ጊዜ በታች ሲሆን፣ ሰገራው እንደ ፍየል በጠጥ ደርቆ ሲቆራረጥ፣ ብዙ ማማጥ ሲጠይቅ፣ ወይም ከተወጣ በኋላ «ገና አልጨረስሁም» የሚል ስሜት ሲቀር ነው። በየቀኑ የሚወጣ ሰው እንኳ በየቀኑ እያማጠ ከሆነ ሆዱ ደርቋል።

ለምን ይደርቃል? የምንጠጣው ውሃና ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጨው ፈሳሽ ሲደመር በቀን ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ወደ አንጀታችን ይገባል። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ግን ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም። ሌላው ሁሉ ተመልሶ ወደ ደም ይመጠጣል። አብዛኛውን የሚመጥጠው ትንሹ አንጀት ነው፤ መጨረሻ ላይ የቀረውን የሚያጠነፍፈው ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝመው ትልቁ አንጀት ነው። ትልቁ አንጀት መምጠጡን አያቋርጥም። ሰገራው አንድ ቀን ከቆየ የአንድ ቀን፣ አራት ቀን ከቆየ የአራት ቀን ውሃውን ይወስድበታል። ሳይከደን ያደረ ሊጥ ምን እንደሚሆን እናቶች ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ለምን ይቆያል የሚለው ነው። ሰው ሁሉ መልሱን ከሚበላው ውስጥ ይፈልገዋል። ስለ ምግቡ እመለስበታለሁ፤ እኔ ግን ለዓመታት ካየሁት ተነስቼ የምናገረው ሌላ ነገር አስቀድሜ ነው። የብዙዎቻችን ሆድ የሚደርቀው ሲጠራን ስለማንሄድለት ነው።

ትልቁ አንጀት የራሱ ሰዓት አለው። ሌሊቱን ጋደም ብሎ ያድራል፤ ጠዋት ስንነሳ እርሱም ይነሳል። ቁርስ ስንቀምስ ደግሞ ጨጓራ «አዲስ እንግዳ መጥቷል፣ ቦታ ልቀቁ» ብሎ እንደላከበት ያህል ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥሪው ይመጣል። ያን ጊዜ ከሄድንለት ሥራው ቀላል ነው። ካልሄድን ጥሪው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። የጠፋው ግን ስሜቱ ብቻ ነው፤ ሰገራው እዚያው ነው፤ መድረቁንም ቀጥሏል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የሰገራ መውጫው መለጠጥን ይለምድና ጥሪው ራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። «ኧረ እኔ ስሜቱም አይመጣልኝም» የሚሉኝ ሰዎች ስሜቱ ያልተፈጠረላቸው አይደሉም፤ ለዓመታት ዝም ስላሰኙት ዝም ያለባቸው ናቸው።

ዝም የምናሰኘው ደግሞ ወደን አይደለም። ኑሯችንን እናውቀዋለን። በአንድ ግቢ ስምንት አባወራ፣ መጸዳጃው አንድ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወረፋ አለ፤ ውጭ ቆሞ የሚያንኳኳ አለ፤ ውሃ የጠፋ ዕለት ደግሞ በሩን መክፈትም ያስጠላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ መድረስ ያለበት ሰው ጥሪውን ዋጥ አድርጎ ይሄዳል። መሥሪያ ቤት ሲደርስ እዚያ ያለውን መጸዳጃ ይጸየፈዋል። ሴቶች እስኪመሽ የምንጠብቅበትም ግቢ አለ። ከዚህም አልፎ «ሽንት ቤት እንዳልሄድ» ብለው ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ እህቶች አሉ፤ ገበያ የሚውሉ፣ መንገድ የሚጠርጉ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ። ጥሪውን ያሳድራሉ፤ ውሃውንም ይነፍጉታል። በሁለት በኩል ይጎዳሉ።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ተቅማጥ ሁለት ወር ሙሉ አልቆም አላት» አለችኝ። ልጅቷ የውስጥ ልብሷን ታቆሽሻለች፤ እቤት ትገሠጻለች፤ እህት ወንድሞቿ ያሾፉባታል። የተቅማጥ መድኃኒት ተገዝቶላት ጠጥታለች፤ ባሰባት እንጂ አልተሻላት። አስተኝቼ ሆዷን ስዳብሰው ከእምብርቷ በታች በግራ በኩል በጣቴ ሥር እንደ ድንች ተደርድሮ የጠጠረ ነገር አገኘሁ። ተቅማጥ አልነበረም። ሆዷ ከደረቀ በጣም ቆይቶ፣ ከላይ የሚመጣው ቀጭን ፈሳሽ በተጠቀጠቀው ሰገራ ዳር ዳር እየሾለከ ሳታውቀው ይፈስባት ነበር። የሚያደርቅ መድኃኒት የምትጠጣው የደረቀ ሆድ ይዛ ነው!

እናቷን ውጭ እንድትጠብቅ አድርጌ ልጅቷን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። የትምህርት ቤቷ መጸዳጃ በር መቀርቀሪያ የለውም። ወንዶቹ ይገፉታል። እርሷም ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ አንድም ቀን እዚያ ገብታ አታውቅም። ጠዋት ይረፍድባታል፤ ቀን ታፍነዋለች፤ ማታ ስሜቱ ጠፍቷል። አንድ ጊዜ ሲደርቅ ደግሞ ሲወጣ ያማል፤ ያመመው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ያፍነዋል። ሐኪሙ ሰገራውን የሚያለሰልስ መድኃኒት አዘዘላት፤ የተጠቀጠቀው መጀመሪያ በሕክምና መውጣት ነበረበትና። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን የቤት ነበር። ከቁርስና ከራት በኋላ አሥር ደቂቃ፣ ማንም ሳያንኳኳባት፣ እግሯ ሥር ዱካ ተደርጎላት ትቀመጣለች። ቢወጣም ባይወጣም ቁጣ የለም። እናቷ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆና ለበሩ መቀርቀሪያ አስገጠመች። ወራት ፈጀ፤ ግን ዳነች። ስለዚህ ልጅ የውስጥ ልብሱን ሲያቆሽሽ ከመገሠጻችሁ በፊት ሆዱ ደርቆ እንደሆነ ጠይቁ፤ አደራ።

አሁን እቤታችን ምን እናድርግ ወደሚለው ልለፍ። የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አያስወጣም፤ ሰዓት መስጠት ነው። ከተለመደው ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ተነሱ። ለብ ያለ ውሃ ወይም ቁርስ ቅመሱ፤ ቡናም ለአንዳንድ ሰው አንጀቱን ይቀሰቅስለታል። ከዚያ ሂዱና ተቀመጡ። ስልካችሁን ይዛችሁ አትግቡ፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ኪንታሮት ያመጣል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዛሬ ባይሆን ነገ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። አንጀት ይለምዳል።

አቀማመጡም ነገር አለው። አያቶቻችን ቁጢጥ ብለው ነበር የሚጸዳዱት። ፊንጢጣችን ጋ ሰገራውን ቆልምሞ የሚይዝ ጡንቻ አለ፤ ቀጥ ብለን ስንቀመጥ መታጠፊያው እንደታጠፈ ይቀራል፤ ቁጢጥ ስንል ግን ይላላና መንገዱ ይቃናል። በቀበሌ ቤት ያለው መጸዳጃ በዚህ በኩል አይታማም። ኮንዶሚኒየም የገባችሁ ግን መቀመጫው ፊት ዝቅ ያለ ዱካ አስቀምጡና እግራችሁን ጫኑበት፤ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ይበል፤ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። በተለይ አዛውንቶች ትንፋሽ አፍኖ ማማጥን ተዉት፤ ግፊቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ እዚያው ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው አለ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ዋናው ነገር አሰር ነው። አሰር ማለት ሰውነታችን ሳይፈጨው እስከ ትልቁ አንጀት የሚደርስ የእህል፣ የቅጠልና የፍራፍሬ ክፍል ነው። ውሃ ይዞ ሰገራውን ያለሰልሳል፤ መጠኑንም ያበዛል፤ የበዛ ሰገራ ደግሞ አንጀቱን እየገፋ ያነቃዋል። ዴኒስ በርኪት የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ የሆነ የቀዶ ጥገና ሐኪም እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በኡጋንዳ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ያልተፈተገ እህል የሚበላው የአፍሪካ ገጠር ሰው ሰገራ ነጭ ዱቄት ከሚበላው እንግሊዛዊ በብዙ እንደሚበልጥና በአንጀት ውስጥ የሚቆይበትም ጊዜ በጣም እንደሚያጥር አሳየ። ያኔ የተመሰገነው የእኛው የአፍሪካውያን ማዕድ ነበር። እኛ ግን ከተማ ስንገባ ቁርሳችንን ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ምሳችንን መኮሮኒ፣ ራታችንን ሩዝ አደረግነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። ይህን ለማግኘት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልገንም። ጤፍ አለን፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ አለን። ቁርስ ላይ ቂንጬ ወይም በሶ ከነጭ ዳቦ በእጅጉ ይሻላል። ከፍራፍሬ ዘይቱንና አቮካዶ በአሰር የበለጸጉ ናቸው፤ ፓፓያም ሆድ ያለሰልሳል። ብርቱካኑን ጨምቃችሁ ከምትጠጡት ልጣችሁ ብሉት፤ አሰሩ ሥጋው ላይ ነው። ሙዝ በደንብ የበሰለውን ምረጡ። በለስ የምትወዱ ደግሞ በልኩ፤ ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ብዙ የበላ ሰው ሰገራው መውጫው ላይ እንደ ጠጠር ተጠቅጥቆበት ሐኪም ቤት ሲመጣ አይተናል። ጫት የሚቅሙም ይስሙኝ፤ ጫት ሆድ ያደርቃል፤ ምሽት ላይ ተልባ ቢጠጡ ቀን የቃሙትን አያካክስም።

ተልባን ካነሳሁ ጥቂት ልቆይበት፤ ከመድኃኒት ቤት ከሚሸጠው ብዙ ነገር የማላሳንሰው እርሱን ነውና። ምጣዱ ለብ ሲል ተልባውን ጣል ታደርጋላችሁ። መንጫጫት ሲጀምር፣ ያው «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የተባለው ድምፅ ሲሰማ፣ ሳይጠቁር ቶሎ ታወርዳላችሁ። ሲቀዘቅዝ ትወቅጡታላችሁ ወይም ትፈጩታላችሁ። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንደገባ ይወጣል፤ በተለይ ቆዳው ካልተሰበረ ብዙ አይጠቅምም። የሳምንት ያህል ብቻ አዘጋጁ፤ ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ጣታችሁን ብትነክሩበት እንደ ዕንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ ታገኙታላችሁ። ያ ዝልግልግ ነገር ነው ውሃውን ይዞ እስከ ታች የሚወርደው። ብዙዎቻችን አጥልለን ጭማቂውን ጠጥተን አተላውን እንደፋለን፤ ቢቻል ከነአተላው ይጠጣ። ከላይም ሌላ ብርጭቆ ውሃ ይከተል። በአንድ ማንኪያ ጀምራችሁ ከሳምንት በኋላ ወደ ሁለት ከፍ አድርጉ። በአንድ ቀን አራት ማንኪያ የጠጣ ሰው ሆዱ ይነፋል፤ ከዚያም «ተልባ አይስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በሁለት ሰዓት አራርቁት።

ውሃን በተመለከተ፣ አሰር ጨምሮ ውሃ ያልጨመረ ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ደረቅ አሰር ራሱ ይጠቀጠቃል። በቀን ስድስት ሰባት ብርጭቆ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ውሃ እንዲቀንስ የተነገረው ሰው ግን ሐኪሙን ይስማ።

የፆሙ ነገር ሁልጊዜ ይጠየቃል። የፆም ምግባችን ለሆድ የተመቸ ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉ። የሚጎድለው ውሃው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትፆሙ፣ ከዘጠኝ እስከ መኝታ ያለውን ጊዜ ውሃውን ለማካካስ ተጠቀሙበት፤ በረመዳን የምትፆሙም ከኢፍጣር እስከ ሱሑር እንደዚሁ፤ ተምሩ ራሱ ያግዛችኋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፋሲካ ማግስት ነው። 55 ቀን አትክልትና ጥራጥሬ የለመደ አንጀት በአንድ ሌሊት ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ ሥጋና አይብ ይጫንበታል። እነዚህ አራቱ ቅንጣት አሰር የላቸውም። በዚያ ሳምንት ጤና ጣቢያችን ሆዳቸውን ይዘው በሚመጡ ሰዎች ይሞላል። ክትፎው ካልቀረ ጎመኑም አይቅር።

አሁን የምናገረውን በጥብቅ ያዙልኝ። ሆድ ይጠርጋል እየተባለ ኮሶና እንቆቆ አትጠጡ። እነዚህ አባቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጧቸው ናቸው፤ ለድርቀት አይደሉም፤ መጠኑ ሲያልፍም ይጎዳሉ። የጉሎ ዘይት በእርግዝና ጊዜ ምጥ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ነፍሰ ጡር አትንካው። የሳሙና ውሃ በፊንጢጣ መጨመርም፣ ለሕፃን የሳሙና ስባሪ መወተፍም አንጀቱን ያቆስላል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከሁለት ወር ካለፈው በኋላ አምስት ስድስት ቀን ባይወጣ፣ የሚጫወትና የሚጠባ ከሆነ፣ ሲወጣም ሰገራው ለስላሳ ከሆነ ድርቀት አይደለም፤ ተዉት። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አትስጡ።

ቤት የማይታከመውንም ልንገራችሁ። ሆድ ድንገት ተነፍቶ፣ ቁርጠት ኖሮ፣ ማስመለስ ከመጣና አየር እንኳ አልወጣ ካለ፣ ተልባ የለም፤ ጎመን የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። በአገራችን የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ የተለመደ ነው፤ ሰዓታት በረፈዱ ቁጥር አንጀቱ ደም እያጣ ይሞታል። እንደዚሁም ሰገራ ላይ ደም ያየ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ደሙ ያነሰ፣ ወይም ከ50 ዓመቱ በኋላ የሆዱ ልማድ ድንገት የተለወጠበት ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ እቤቱ አይቀመጥ፤ ይመርመር። ኪንታሮት መስሏቸው ዓመት ቆይተው የመጡ፣ ሲታዩ ግን የአንጀት ካንሰር ሆኖ የተገኘ ሰዎች ፊት ከዓይኔ አይጠፋም። ትራማዶልና ኮዴይን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ሆድ ያደርቃሉ፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስም እንደዚሁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም ንገሩ።

ጥያቄ ካለ ብዬ ነበር። እዚያ ኋላ ያሉት እናቴ ስለ ልጃቸው ጠየቁኝ፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ የተሰጣት የደም ማነስ መከላከያ ክኒን ሆዷን ስላደረቀባት ጥላዋለች አሉኝ። እናቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። የብረት ክኒን ሆድ ያደርቃል፤ እርግዝናውም ራሱ አንጀቱን ያዘገየዋል። ግን አትጣለው፤ በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት የሚታደጋት እርሱ ነው። ክኒኑን ከሻይና ከቡና አርቃ፣ ከምግብ በኋላ ወይም ማታ ልትተኛ ስትል በብርቱካን ትዋጠው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ የመጸዳጃውን ወረፋ እርስዎ ይያዙላትና አሥር ደቂቃዋን ይስጧት። ውሃዋን ታብዛ፤ ጎመኑ ከማዕዷ አይለይ። ከሳምንት በኋላ ካልለቀቃት ክኒኑን እንደያዘች ወደ እኔ ትምጣ፤ ሐኪሙ መጠኑን ያይላታል ወይም ለነፍሰ ጡር የሚሆን ማለስለሻ ይጽፍላታል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የእናቶች ክፍል ውስጥ ነኝ፤ በሩን ዘግተን እንነጋገራለን።